ደብተርህን የት ደበቅከው?

አሜሪካ ከመጣሁ 28 ዓመት አለፈኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቨርጂኒያ ያለው ቤቴ ቤዝመንት ባዶ ሆኖ አያውቅም። የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ «እባክህ ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብሎ ስምንት ወር የከረመ። ሁሉም ሲመጡ የሆነ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ ክራር፣ አንዷ የስዕል ደብተር፣ አንዱ ስልኩ ውስጥ የታጨቀ ግጥም። ዓመት ሲሞላቸው የሚሉኝ ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሰው አገናኘኝ እንጂ።» ክራሩስ ስል፣ ቁም ሳጥን ላይ።

ስለዚህ ዛሬ ልናገረው። ማኮረፍ የፈለገ ያኩርፍ፣ ግን አንብቦ ይጨርስና ያኩርፍ።

1. ወረቀት

እዚህ ላይ ብዙ የለኝም። ዲቪ ስትሞላ ባለትዳር ከሆንክ ሚስትህን አትዝለላት፤ በትዳር መጥታችሁ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ የተሰጣችሁ ደግሞ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አይ-751 የሚባለውን ፎርም ለማስገባት ተነሱ፣ ቀሪውን ጠበቃ ይንገራችሁ።

2. ሰው ፍለጋ

ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሰውዬው አስር ዓመት ሁለት ስራ ይሰራል። አርባ ሊሞላው ሲል ይደነግጣል። የአንድ ወር ፈቃድ ይወስድና ቦሌ ሲወርድ እናቱ ሶስት ልጅ መርጠው ይጠብቁታል። በመጀመሪያው ሳምንት ማኪያቶ፣ በሁለተኛው ሽማግሌ፣ በሶስተኛው ቀለበት፣ በአራተኛው ሻንጣ። ልጅቷ ምኑን ታውቃለች? ፎቶውን። መኪና ተደግፎ የተነሳውን። የማን መኪና እንደሆነ የነገራት የለም።

እዚሁ የሚፈልገውም አይሻልም። ጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል አለ አይደል፣ ከ1984 ጀምሮ ያለው (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)? ለኳስ ብለን የምንሄድ አለን። ግን ዞር ብላችሁ እዩ፣ ስንቱ ነው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የሚቆመው! አልፈርድበትም። በሳምንት ስድስት ቀን ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ሰው የት ሄዶ ሰው ይተዋወቅ?

ፍለጋው አይደለም የሚያናድደኝ። ፈላጊው ለፍለጋ ብሎ የሚለብሰው ሰው ነው። ቁም ነገረኛ፣ ስራ ወዳድ፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ፣ የማይጠጣ። ማታ ማታ ዋሽንት እንደሚነፋ ግን አይናገርም። ለምን ስለው «ቀላል ሰው ነው እንዳትለኝ» አለኝ፤ ይሄን ያለኝ በዋሽንቱ እኔን ቤዝመንት ድረስ አስወርዶ ደረጃው ላይ ያስቀመጠኝ ልጅ ነው። ይሄ ፍርሃት ደግሞ እዚህ የተገዛ አይደለም፣ ከሀገር ቤት ከበርበሬው ጋር ተጭኖ የመጣ ነው። ስናንጎራጉር «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ያልተባለ ማን አለ?

3. ደብተሩ

እኔም ግጥም ይዤ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ስራዬ ዋሽንግተን ኬ ስትሪት አካባቢ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ የሌሊት ሺፍት ነበር። ቡዟ ሰው ቁጭ ካለባት በሯ በግድ ነው የሚዘጋው። ሂተሯ አንድ እግር ብቻ ታሞቃለች፤ በየሰዓቱ እግር እቀይራለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ብርቅ ነው። ማሽኑ አንዳንዴ በስህተት ቲኬት ይተፋል፣ በአንድ በኩል ቀንና ሰዓት የታተመበት፣ ጀርባው ነጭ። እሱ ላይ ነበር የምጽፈው። ስድስት ስንኝ ይይዛል። ፊደሌን ካሳነስኩ ስምንት። (ረጅም ግጥም የማይሆንልኝ በዚህ የተነሳ ነው እላለሁ፤ ጓደኞቼ ስንፍና ነው ይላሉ።) ጠዋት ኪሴ ከትቼው እወጣና ቤት ስደርስ የጫማ ካርቶን ውስጥ እጥለዋለሁ።

ከዚያ ሰው አገኘሁ። ነርስነት የምትማር፣ ረጋ ያለች ልጅ። መጀመሪያ ቡና የጠጣን ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ከስራ ሌላ ምን ትወዳለህ?»

«ዜና እከታተላለሁ» አልኳት።

ዜና! ኪሴ ውስጥ የዚያን ሌሊት ሶስት ቲኬት ነበር እኮ። እጄን ሰድጄ እየነካካሁት ነው ዜና ያልኳት። ግጥም ብል ሴት የሚያስተዳድር አልመስላትም ብዬ ነው። የሚገርመው ለጥያቄዋ መልስ ሰጥቼ ስለ ቢል ማውራት ቀጠልኩ። አንቺስ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ተጋባን። ዘጠኝ ዓመት። ግጥሙን አልተውኩትም፣ መተው ይሻል ነበር፣ በድብቅ ቀጠልኩበት። ቡዝ ውስጥ እጽፋለሁ፣ ቤት ገብቼ ዝም እላለሁ። እሷ ስለ ቀኗ ስትነግረኝ እኔ ያላለቀ ስንኝ እያላመጥኩ ነው። «ምን ሆነሃል?» ስትል «ደክሞኝ ነው»። አንድ ሰሞን ሌላ ሴት ያለችኝ መስሏት ስልኬን አየች። እኔ ደግሞ በሆዴ ምን እል ነበር መሰላችሁ? «ይቺ ሴት ጥበብ አይገባትም።» አንድ ስንኝ አንብቤላት ሳላውቅ! ያላሳየሁትን ነገር አላየሽልኝም ብዬ ዘጠኝ ዓመት አኮረፍኩ። እንዲህ ያለ ግፍ አለ?

የተለያየን ጊዜ ዕቃ ስንከፋፈል ካርቶኑን አገኘችው። ጫማ መስሏት ነው የከፈተችው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። እኔ ኩሽና ቆሜ ሳህን በጋዜጣ እጠቀልላለሁ፣ ቲኬት ሲገለበጥ ድምጹ ይሰማኛል። ቀኑን ከፊት ታያለች፣ ገልብጣ ታነባለች፣ እንደገና ቀኑን ታያለች። የልጃችን ትኩሳት ሌሊት የተጻፈ አለ። ከእህቷ ሞት በኋላ የተጻፈ አለ፤ ያን ሰሞን «አንድ ቃል እንኳን አላጽናናኸኝም» ትለኝ ነበር። ሲመሽ ተነሳች። ካርቶኑን ከድና ሰጠችኝ።

«ይሄ ሰውዬ የት ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በዚያው ዘመን፣ እዚሁ ከተማ፣ ምን ይሆን እንደነበር ልንገራችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት መጥቶ በዚያው ቀረ፤ ኋላም ታክሲ ይነዳ ነበር። እዚሁ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል። በ1985 ያሳተመው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ፈረንጅ ጉድ እስኪል፣ 28 ዓመት። ከዚያ በየሀገሩ መድረክ ወጣ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ይሄን ታሪክ «አንድ ቀን ያልፍልሃል» ለማለት የሚያወሩት ሰዎች አሉ። እኔን የሚያስቀናኝ መድረኩ አይደለም። ተረኛው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ኪቦርድ ይዞ መቀመጡ ነው። እሱ በታክሲ ሰልፍ መሃል ሲጫወት እኔ ከገዛ ሚስቴ በጫማ ካርቶን እደበቃለሁ።

ጆርጂያ አቬኑ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጎንደሩ ልጅ፣ ፊልም ሰሪው ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና የከፈቱት መጻሕፍት ቤት ነው። እሷም የፊልም ሰው ናት። በ1993 «ሳንኮፋ» የሚለውን ፊልማቸውን የሚያከፋፍል ሲጠፋ ባልና ሚስት ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከተማ ለከተማ ይዘውት ዞሩ። እዚያ ሱቅ ስገባ ሁሌ ይሄ ትዝ ይለኛል። አንዱ ህልሙን ለሌላው ሳይነግር ይሄ ይሆን ነበር? ሁለታችሁም ገጣሚ ሁኑ ማለቴ አይደለም፣ ሬንቱን ማን ሊከፍለው። ግን ሬንት የሚከፍልልህ ሰው ራሱ ምን ይዘህ እንደምታመሽ የማወቅ መብት አለው።

እና አንተ ልጅ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ አሳያት። በመጀመሪያው አይደለም፣ ያኔ መንዛዛት ይሆናል። ከሶስተኛው ግን አታሳልፍ። ከሳቀችብህ አንድ ቡና ነው የከሰርከው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ጠይቃትም። «አንቺስ?» በላት። ከተለያየን በኋላ ከልጃችን ነው የሰማሁት፣ እናቷ ልጅ ሆና ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፣ ሰፈሯ ውስጥ የታወቀች። እኔ ቤት መርፌ ይዛ አይቻት አላውቅም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠልፋለች አሉ።

4. «መጀመሪያ ራሴን ላሻሽል» ባዮቹ

ይሄ ደግሞ አዲስ በሽታ ነው፣ ከቲክቶክ የመጣ። ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ልያዝ፣ ከዚያ ትራክ ልግዛ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ጂም፣ ከዚያ «ራሴን ልወቅ»፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ልጽፍ። ልጄ፣ በተርታ የሚሆን መሰለህ? ሰው ራሱን ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም። እኔ ስስታም መሆኔን ያወቅሁት ትዳር ውስጥ ነው። ፈሪ መሆኔንም።

በተቃራኒው ያለውም አለ። ጠቢብ ነኝ ባዩ። ማታ ማታ ዩ ስትሪት አካባቢ ቢራ ይዞ «ይሄ ኅብረተሰብ አልገባኝም» የሚል፣ ሴቶች ሁሉ ገንዘብ ነው የሚወዱት የሚል፣ ከመጣ ወዲህ አንድ ገጽ ያልጻፈ። ወንድሜ፣ ስለ ጥበብ ከማውራትህ በፊት ሳህኑን እጠብ። ሚስትህ ደብል ሰርታ ገብታ አንተ «ሙድ ውስጥ ነኝ» ካልክ፣ እመነኝ፣ እሷ ስለ ስነ ጽሁፍ ያላት አመለካከት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ይበላሻል። አይፈረድባትም።

ጊዜ የለኝም አትበሉኝ ደግሞ። አንድ ሺፍት ቀንሱ። አንዷን ብቻ። የላይብረሪ ካርድ ለነዋሪው ነጻ ነው፣ አርሊንግተንም ፌርፋክስም ሞንትጎመሪም። ሙቀት አለው፣ ሁለቱም እግር ይሞቃል። ኮሌጅ መግባት የምትችሉ ደግሞ ማታ ማታ አንድ ኮርስ ውሰዱ፣ ቢያንስ ከሀበሻ ውጭ ሰው ትተዋወቃላችሁ።

5. እህቶቼ

በእናንተ ላይ የሚወርደው ይብሳል፣ አውቃለሁ። «ካገባሽ በኋላ ዘፈን ምን ያደርግልሻል?» የሚል ሰው ገና ሳታገቢው ነው የነገረሽ፣ ስሚው። ቤቴ የነበረች አንዲት ልጅ ስዕሏን ያቆመችው እጮኛዋ «ቀለሙ ይሸተኛል» ስላላት ነው። የሱ ሲጋራ ለማን ይሽተት?

6. ብዬ ስለ ገንዘብ ልጽፍ ነበር፣ ሀገር ቤት ስለሚላከው ስለ ዕቁቡም፣ ግን ሰዓቱ ሄዷል፣ ነገ ጠዋት ገቢ ነኝ። ሌላ ጊዜ።

አሁን ቤዝመንት ያለው ልጅ ቅዳሜ ቀጠሮ አለው። ትናንት ማታ ወደ ላይ ወጥቶ «ጋሼ፣ ምን ልልበስ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወርጄ ክራሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። አቧራው አስነጠሰኝ። ሁለት ክር ተበጥሷል።

«ቅዳሜ ይዤው ልሂድ ነው የምትለው?» አለኝ ደንግጦ።

«አይደለም። ምን ትወዳለህ ስትልህ ዜና እንዳትላት ነው።»

ትንሽ ዝም አለና ክር እዚህ የት ይገኛል አለኝ። የጊታር ክር ይሆናል አልኩት። ዛሬ ከስራ ሲወጣ ሊገዛ ሄዷል።