ለሳንባዬ ስቴም ሴል ወስጃለሁ፤ ጠይቁኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ሲጋራውም ከመሪው ጋር ከእጄ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ አለብኝ። የኔው ዓይነት ኤምፊዚማ ይባላል። ፍሎሪዳ ሄጄ ስቴም ሴል የሚባለውን፣ የተጎዳ አካል ይጠግናል እየተባለ የሚሸጠውን ሴል መውሰዴ ከተሰማ ወዲህ ስልኬ አላርፍ ብሏል። ለየአንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው እዚሁ ጠይቁኝ ብያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የክሊኒኩን ስም ደግሞ አልጠራም፣ በውስጥ መስመርም ቢሆን። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሲያትል፦ ጋሼ፣ ሴሉን ከየት አውጥተው ነው የሚሰጡት? ያማል?

ከራስህ ወስደው ለራስህ ነው የሚሰጡህ። ከሆድ ስብ የሚያወጡ አሉ፣ ከደም የሚያወጡ አሉ። የኔ ከአጥንት መቅኔ ነበር። በሆድህ ያስተኙሃል፣ ዳሌህ ላይ ያደነዝዙሃል። መርፌው ሲገባ ብዙም አይሰማም። የሚሰማው መቅኔው ሲሳብ ነው። ከውስጥህ የሆነ ነገር እየተጎተተ የሚወጣ ይመስልሃል፤ ስሜቱ እስከ እግር ይወርዳል። ከዚያ በማሽን ያሽከረክሩታል። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ በክንዴ በኩል እንደ ተራ ግሉኮስ ተንጠባጠበልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጥቂት ቀን ስቀመጥ ዳሌዬን ይጠዘጥዘኝ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልገጠመኝም።

አንድ ነገር ግን ጠይቄ ነበር። «እዚህ ከረጢት ውስጥ ስንት ስቴም ሴል አለ?» አልኳት ነርሷን። «ሚሊዮኖች» አለችኝ። ማን ቆጠራቸው ስላት ሳቀች።

ከአዲስ አበባ፦ ዋናውን ይንገሩን እንጂ! ተሻለዎት ወይስ አልተሻለዎትም?

ተሻለኝ። አልዋሽም። ለጥቂት ወራት ቀለል ብሎኝ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልቆም መድረስ ጀመርኩ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ የሳንባ ሐኪሜ ዘንድ ቀጠሮዬ ደረሰ። ስፓይሮሜትሪ አስነፋችኝ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በኃይል የምታወጣውን አየር ይለካል፤ ኤፍ ኢ ቪ ዋን ይሉታል። ከመሄዴ በፊት በኔ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ከሚያወጣው 38 በመቶ ነበር። ከመጣሁ በኋላ 37 ሆነ። የአንድ ነጥብ ልዩነት እንኳን አትቁጠሩት፤ ሰው ጠዋትና ማታ ቢነፋም ይለያያል። ማለትም ሳንባዬ ንቅንቅ አላለም።

ታዲያ ምን አቀለለኝ? ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ክሊኒኩ ሲጋራ ካላቆምክ አንቀበልህም ስላለኝ አቆምኩ። በየቀኑ ተራመድ ስለተባልኩ ተራመድኩ። የሄድኩት ደግሞ የክረምቱ ጉንፋን አድቅቆኝ፣ በጣም በባሰብኝ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም ባይደረግልኝም መሻሉ አይቀርም ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ደግሞ «አልተሻለኝም» ለማለት አንደበቱ እሺ አይለውም።

ከወራት በኋላ ከክሊኒኩ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። «አተነፋፈስህ ከ10 ስንት ነው?» አለች። «7» አልኳት። ጻፈችው። ከመታከሜ በፊትም ሆነ በኋላ ትንፋሼን በመሣሪያ የለካ የክሊኒኩ ሰው የለም። ማስታወቂያቸው ላይ «ይህን ያህሉ ታካሚዎቻችን ተሽሏቸዋል» ይላል። እኔም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለሁ ማለት ነው።

ከቴል አቪቭ፦ በሥርዓቱ የተሠራ ጥናት የለም?

አለ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2013 የታተመ። 62 የሲኦፒዲ ታካሚዎች ነበሩበት። ገሚሱ ከጤነኛ ሰዎች መቅኔ ተወስዶ በላቦራቶሪ የተራባ ሴል በደም ሥሩ ወሰደ፤ በየወሩ፣ አራት ጊዜ። ገሚሱ ሴል የሌለበት፣ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ፈሳሽ ወሰደ። ማን ምን እንደወሰደ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ሴሉ ጉዳት አላደረሰም፤ ይህ መልካም ዜና ነው። በትንፋሽ ልኬትም ሆነ በኑሮ ጥራት ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሲጀምሩ ደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት የነበረባቸው ሰዎች ላይ ምልክቱ ወረድ ብሏል። ተመራማሪዎቹ እስካሁን የሚከታተሉት ፍንጭም ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የወሰዱት በጥንቃቄ የተቆጠረና የተጣራ ሴል ነው። የኔው «ሚሊዮኖች» ነበር።

ከዳላስ፦ ስቴም ሴል ወደፈለገው አካል ይለወጣል ይባል የለ? ሳንባ ላይ ለምን አይሠራም?

የጤነኛ ሳንባ የአየር ከረጢቶች እንደ እንጀራ ዓይን ናቸው፤ ጥቃቅን፣ ብዙ፣ ተጠጋግተው የተደረደሩ። ኤምፊዚማ ግድግዳቸውን ያፈርሰዋል። አሥሩ ዓይን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይሆናል። አየር ይገባል፣ ግን ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚያሻግረው ግድግዳ የለም። ያንን ከነደም ሥሩ፣ ከነመለጠጡ መልሶ መገንባት ሴል ስላፈሰሱበት ብቻ የሚሆን አይደለም።

ክሊኒኮቹ «በደም ሥር የሚሰጥ ሴል በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ነው የሚያርፈው» ይሏችኋል። ይህ እውነት ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ሴሎቹ እዚያ ይያዛሉ። የማይነግሯችሁ ግን አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። አዲስ የአየር ከረጢት አይሆኑም። የሳይንቲስቶቹ ተስፋም ሴሎቹ እስኪጠፉ ድረስ በሚለቋቸው ነገሮች ብግነቱን ያበርዱታል የሚል ነበር፤ ክሊኒኮቹ ግን ሳንባ እንደሚያበቅሉ አድርገው ይሸጡታል።

ከአትላንታ፦ ሕገወጥ ከሆነ እንዴት በግላጭ ይሠራሉ?

ለዓመታት «የራስህን ሴል ለራስህ ስንመልስ መድኃኒት አይባልም፣ እንደ ቀዶ ጥገና ነው» እያሉ ተከራክረዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ደግሞ መድኃኒት ነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል ባይ ነው። በ2019 ፍሎሪዳ ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለኤፍዲኤ ፈረደ። ካሊፎርኒያ ላይ በመጀመሪያ ክሊኒኮቹ ቢያሸንፉም በ2024 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። ያም ሆኖ ሁሉንም ደጅ ማንኳኳት አይቻልም መሰለኝ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

የተፈቀደ ስቴም ሴል የለም ማለቴ አይደለም። ከእትብት ደም የሚገኘው ለደም በሽታዎች ተፈቅዷል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ከባድ ችግር ለሚገጥማቸው ሕፃናት የሚሰጥ አንድ ተፈቅዷል። ለሳንባ የተፈቀደ የለም።

ከጅዳ፦ ጋሽዬ፣ ለአባቴ ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ የሚያገናኝ ደላላ አግኝቻለሁ። «በአሜሪካ መንግሥት የተመዘገበ ጥናት ነው» አለኝ። ልመነው?

አትመኚው የኔ ልጅ። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ የሚባል መዝገብ አለ። እዚያ መመዝገብና መፈቀድ የተለያየ ነገር ነው። ብዙ ሻጭ የተመዘገበው ለማስታወቂያ እንዲመቸው ነው። በ2017 በሕክምና መጽሔት የወጣ ታሪክ አለ። ሦስት ሴቶች ለዓይን ሕመም ፍሎሪዳ ያለ ክሊኒክ ሄደው ከሆድ ስብ የወጣ ሴል በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ከመካከላቸው በዚያ መዝገብ ላይ አይተው ጥናት ውስጥ የገቡ የመሰላቸው ነበሩ። ዓይናቸው ጠፋ።

ደላላውን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው። አባቴ ይከፍላል? እውነተኛ ጥናት ብዙውን ጊዜ ታካሚውን ለሙከራው አያስከፍልም። የሚነጻጸር ቡድን አለ? ስፓይሮሜትሪ በስንት ወሩ ይለካል? ከተመለሰ በኋላ ቢታመም ማን ያየዋል? ሲንተባተብ ትሰሚዋለሽ።

ሌላው የአውሮፕላኑ ነገር ነው። በበረራ ላይ ውስጡ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ሊሳሳ ይችላል። ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ ሰው ሐኪም ሳያማክር መብረር የለበትም። በነገራችን ላይ አዲስ አበባም ከፍታዋ እዚያው አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል ከተማ ለፋሲካ የምትሄዱ የሳንባ ታካሚዎች፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም አየሩ እንደሳሳ ነው። እኔ ሐኪሜን ሳልጠይቅ ቲኬት አልቆርጥም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ስንት ከፈሉ? ኢንሹራንስ ይሸፍናል?

ከ10 ሺህ ዶላር በላይ፤ ትኬትና ሆቴል ሳይጨምር። ኢንሹራንስም ሆነ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ ሳንቲም አይከፍሉም። እኔ እቁብ ደርሶኝ ነበር። ለአባታቸው ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ) የከፈቱ ልጆችም አውቃለሁ፤ ሳይለምዱት ሰው ፊት ቆመው ለምነዋል። የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ከለንደን፦ ባይጠቅምም አይጎዳም ብለን እንሞክረውስ?

አይጎዳም ማን አለ? በ2018 ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ውስጥ ከእትብት ደም የተዘጋጀ «ስቴም ሴል» የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ብዙዎቹ የተወጉት ለመገጣጠሚያና ለጀርባ ሕመም ነበር። እኛ ደግሞ ተራ ጉንፋን የሚጥለን ሰዎች ነን።

ከደሴ፦ እናቴ ሲጋራ ነክታ አታውቅም፤ ግን እንደርስዎ ትንፋሽ ያጥራታል። አስም ነው ይሏታል።

እናትህ በእንጨት ስትጋግር ኖራለች? ከሆነ ጭሱ ይበቃል። በአገራችን ብዙ እናቶችን የሚያሳምመው ሲጋራ ሳይሆን ማዕድ ቤት ነው። ድሮ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ከነበረም የሚተወው ጠባሳ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል። «አስም» ብሎ ከመገመት ስፓይሮሜትሪ ይለያል። ጥቁር አንበሳ ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው፤ ሪፈር ጠይቁላት። እስከዚያው ግን ከጭሱ አውጧት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባይኖር ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ። የቡናውን ዕጣንም ለእንግዳ ሲባል አፍንጫዋ ሥር አታጭሱ።

ከቶሮንቶ፦ እሺ፣ ስቴም ሴሉ ይቅር። ምን ይሠራል ታዲያ?

ሲጋራ ማቆም፤ ከሱ የሚበልጥ የለም። ከዚያ ፓፉን በትክክል መውሰድ። የኛ ሰው ምላሱ ላይ ረጭቶ ይውጠዋል! መጀመሪያ ትንፋሽህን ሙሉ አውጣ። ከንፈርህን ግጠም። ስትጫነው አብረህ በቀስታ ሳብ። ከዚያ እስከ 10 ቆጥረህ ያዝ። እጅና ትንፋሽ አልገጥም ካለህ ስፔሰር የሚባለውን፣ በፓፉና በአፍህ መካከል የሚገባውን መያዣ ተጠቀም። መግዣ ለሌለው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን በፓፉ አፍ ልክ ቀድዶ ፓፉን እዚያ ማስገባት ነው። አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ሠርቷል።

እኔን ያቆመኝ ግን ፐልሞናሪ ሪሃብ ነው። በባለሙያ ፊት ትራመዳለህ፣ ክብደት ታነሳለህ፣ አተነፋፈስ ትማራለህ። በአፍንጫ አስገብቶ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ሾል አድርጎ ቀስ ብሎ ማውጣት። ደረጃ ስወጣ ይህ ባይኖር መሀል ላይ እቀር ነበር። ሳንባው እንዳለ ነው፣ እግሬ ግን ባነሰ ኦክስጅን መሥራት ለመደ። ሜዲኬር ይከፍልልኛል። ስቴም ሴሉን ከመውሰዴ በፊትም ሐኪሜ ወረቀቱን ጽፋልኝ ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ።

ተቀምጠህ እያለህ ኦክስጅንህ በጣም ዝቅ የሚል ከሆነ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን መውሰድ ዕድሜ ያራዝማል። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት አትርሱ። ኤምፊዚማ ላለበት ለተመረጠ ሰው የሳንባው አየር ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ቫልቭ በ2018 ተፈቅዷል። በ2024 ደግሞ ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ መጥቷል፤ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የደም ሴል ከፍ ላለባቸው ነው። ለኔ አልሆነም። ደማችሁን አስመርምሩ።

ከጎንደር፦ ጥቁር አዝሙድና ጸበልስ?

አዝሙዱ ሻይህ ውስጥ ይግባ። ጸበሉንም ተጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ፓፍህን ግን ጥለህ አትሂድ። ብርድ ላይ ደግሞ አትቆይ።

ከዴንቨር፦ በነጻ ቢሰጥዎትስ፣ ይደግሙታል?

ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ጥናት ከሆነ፣ ካላስከፈሉኝ፣ በየወሩ የሚያስነፉኝም ከሆነ ነገ ጠዋት ስሜን እጽፋለሁ። ባዶው ፈሳሽ ቢደርሰኝም ቅር አይለኝም። ሐኪሜንም ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ ለኔ የሚሆን ሲከፈት ልትደውልልኝ ቃል ገብታለች።