ከሐዋሳ ተነስቶ ትራውት ለማጥመድ ለሚያስብ ሰው

«ሐዋሳ አካባቢ ትራውት የሚጠመድበት ወንዝ የት አለ? ፈቃድስ ያስፈልጋል ወይ?» ብለው ለጠየቁት አባላችን፦ ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስንከራተት የሚመልስልኝ ሰው ስላላገኘሁ፣ እርስዎ እንደኔ እንዳይንገላቱ የደረሰብኝን ልጻፍልዎት። መንጠቆ ማሰርና መወርወር እንደሚያውቁ በመገመት ያንን አልፌዋለሁ።

አንደኛ፣ በሐይቃችን ዙሪያ አይፈልጉት። እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጥቁር ውኃ ወንዝ ዳር ተጎልቼ ውዬ ከአምባዛ በቀር ያገኘሁት የለም፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያሉ አጥማጆችም እስከ ዛሬ ይህን እያነሱ ይስቁብኛል። ትራውት የደጋና የቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ዓሣ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ከዚያ በታች ብዙም አይወርድም። ለነገሩ የአገራችን ዓሣም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ መንገድዎ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ነው፤ ወንዞቹም ዳንካና ወይብ ናቸው። ወደ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ያው ወይብ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱን ዲንሾ ከሚገኘው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያውጡ፤ ከሌላ ከየትም አይደለም። እኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ እዚሁ ሐዋሳ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቢሮ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን «ማመልከቻ ጽፈህ ና» ተባልኩ፣ በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ለዓሣ ብለህ ነው እንዲህ የምትመላለሰው?» አለችኝ። በመጨረሻ ክብ ማኅተም ያረፈበት «ትብብር እንዲደረግለት» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ይህን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ በቀን አራት ሺህ ብር መኪና ከነሾፌሩ ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ማታ ዲንሾ ገባሁ።

ጥፋቴ የመጣው እሑድ ማለዳ ነው። ደብዳቤ አለኝ ብዬ ጽሕፈት ቤቱን በሩቁ አልፌ በቀጥታ ዳንካ ወረድኩ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ክሩን ለማሰር በጥርሴ እስከመያዝ ደረስኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሦስተኛ ጊዜ ስወረውር፣ የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ከኋላዬ መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝና ፈቃዴን ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ገልብጦም አገላብጦም ካነበበው በኋላ፣ በጣም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ለእኛ የተጻፈ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። አብሮኝ እስከ ጽሕፈት ቤቱ በእግር ሄደን ከፍዬ ፈቃዱን ስይዝ ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እኔ ለዚያ ነው ሐዋሳ ላይ ሦስት ቀን የለመንኩት! ወደ ወንዙ ስመለስ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላ ዓሣው ተደብቋል፣ ሾፌሩም እኩለ ቀን ላይ እንነሳ ብሎ ያጣድፈኛል። የሁለት ቀን ኪራይ ከፍዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሦስተኛው የአቀራረብ ነገር ነው፤ ይህንንም የተማርኩት በሚቀጥለው ወር በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሬ ስመለስ፣ ከዚያው ስካውት ነው። ውኃው እንደ ብርጭቆ የጠራ በመሆኑ ጥላዎ ካረፈበት ዓሣው ይሸሻል። ትራውት አፉን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ የሚመጣለትን ምግብ ስለሚጠብቅ፣ እርስዎ ከታች በኩል፣ ከኋላው፣ ጎንበስ ብለው ይቅረቡ። እኔ ሐይቅ ዳር የለመድኩትን ትልቅ መንጠቆ ትቼ ሲሳብ የሚሽከረከረውን ትንሹን ማጥመጃ፣ ስፒነር የሚሉትን፣ ከአንድ ድንጋይ ወደ ላይኛው ወራጅ በኩል ጥዬ ስስብ፣ ዘንጉ እጄ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከክንዴ አጠር የሚል፣ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ ሮዝ መስመር የተሰመረበት፣ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ዓሣ ነበር። ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ቆሮሶ መፋቅ አያስፈልገውም፤ ማታውኑ ዲንሾ ውስጥ በቅቤ አስጠብሼ በላሁት። አሞራ ገደል በዳጣ ከምንበላው ጥሬ ዓሣ ይበልጣል ብል ሰው ይታዘበኛል፣ ግን ይበልጣል።

በዝናብ ወራት ወንዙ ስለሚደፈርስ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢ አይርሱ። የሚሄዱበትን ቀን አስቀድመው ከጻፉልኝ ስፒነሮቼን አውስዎታለሁ። ዘንጌን ግን አላውስም።