የመጀመሪያው ቢላዋ ከአሮጌ ሊማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። በገዛ እጄ ቢላዋ መሥራት ካማረኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ግን ወናፍም መስፍም ግራይንደርም የለኝም። ያለኝ ሞርሳ፣ የብረት መጋዝ፣ መብሻና ጥቂት ሊማ ነው። ብረት አበላሽቼ እንዳልቀር ፈራሁ። መሣሪያ እስኪሟላልኝ ልጠብቅ ወይስ ልሞክር?

መልስ፦ ልጄ፣ አትጠብቂ። ሞርሳ ካለሽ ዋናው አለሽ። ቢላዋ የግድ በመዶሻ መቀጥቀጥ የለበትም፤ ከጠፍጣፋ ብረት ላይ ትርፉን እየሞረዱ ማንሳትም ይቻላል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ዛሬም ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ሊማ ነው የማስይዘው። ግራይንደር ስሕተትን ባንዴ ያጠልቀዋል፤ በሊማ ሲሆን ግን እጅሽ ማጋደሉን ገና ጭረት ሳለ ታይዋለሽ።

ያገኘሽውን ብረት ሁሉ አታንሺ። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የቱንም ያህል ብትለፊበት ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አይሰጥሽም። ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ሊማ ፈልጊ። ጥሩ ሊማ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ካርቦን አለው። ርካሹ ግን ላዩ ብቻ የጠነከረ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ተይው።

ጠንካራ ሊማ በሊማ አይሞረድም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይለስልስ። ከሰል አቀጣጥለሽ፣ እያራገብሽ ደማቅ ቀይ እስኪሆን አግዪው፤ ወዲያው ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሪውና እስከ ማግስቱ አትንኪው።

እስከዚያው ቅርጹን ካርቶን ላይ ሣዪ፣ ቁረጪና በጭብጥሽ ያዥው። ስለቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ ረጅም ያምረዋል፤ ረጅምና ቀጭን ብረት ግን ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ቶሎ ይጣመማል። የለሰለሰውን ብረት በካርቶኑ ልክ ቁረጪ፤ ለእጀታው ምስማር ሁለቱን ቀዳዳም ብረቱ ለስላሳ ሳለ ብሺ። የስለቱን ጠርዝ በማርከር ቀልመሽ መሐሉ ላይ መስመር ጫሪና፣ ከሁለቱም ጎን እኩል እየሞረድሽ ወደ መስመሩ ቅረቢ። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ሲቀር አቁሚ፤ አሁኑኑ ካሳሳሽው እሳቱ ያበላሸዋል።

አሁን ልብሽን የሚያስደነግጠው ክፍል መጣ፤ ብረቱን አግሎ በመንከር ማጠንከር። የመጀመሪያዬን ቢላዋ አግዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሳወጣው ከስለቱ እስከ ጀርባው ተሰንጥቋል። የሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሥራዬ ነበር፣ በጣም አዘንኩ። ውሃ ብረቱን እጅግ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ነው። አንቺ ወደ 50 ዲግሪ የሞቀ የአትክልት ዘይት ተጠቀሚ፤ በብረት ዕቃ፣ ክዳኑ አጠገብሽ ሆኖ፣ ከቤት ውጭ። ብረቱ ሲግል ማግኔት አስጠጊለት። 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማግኔቱ መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ጨምሪለትና ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ቀጥ አድርገሽ ንከሪው። ወደ ጎን አታወዛውዢው።

ከዘይቱ ሲወጣ ሊማ ሞክሪበት፤ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ግን በዚህ ሁኔታው ከእጅሽ ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳታሳድሪ በብርጭቆ ወረቀት አጽጂውና 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዪው፤ ቀዝቅዞ ሲያበቃ ድገሚው። የገለባ ቢጫ መልክ ያወጣል። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ከመጠን በላይ ለስልሷል።

እጀታውን አንቺ ታውቂበታለሽ። ማጣበቂያውን ኢፖክሲ ከመቀባትሽ በፊት ብረቱን በሻካራ ወረቀት አሻክሪው እንጂ ሌላ የምነግርሽ የለኝም። መነጽርና የአቧራ ጭንብል ግን አይለዩሽ። ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቢ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ያገለገለ የሞተር ዘይትም ለዚህ አይሁን።

ካርቶኑን ዛሬ ማታ ቁረጪ። ከነከርሽው በኋላ ሊማው ቢነክሰው ሥራሽ ጠፋ ብለሽ አትጣይው፤ ብዙውን ጊዜ ሙቀት አንሶት ነውና እንደገና አግዪው፣ እንደገና ንከሪው።