በሣጥን የተገኙ ጠገራ ብሮች በአንድ ሚዛን ይመዘናሉን?

ጥያቄ፦ አያቴ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ሲከፈት ስድስት ጠገራ ብር፣ አንድ የዳግማዊ ምኒልክ ብርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው አራት ነጫጭ ሃምሳ ሳንቲሞች ተገኙ። በስድስቱም ጠገራዎች ላይ 1780 የሚል ዓመት በመኖሩ ዘመዶቼ ሐሰተኞች ናቸው ይሉኛል። አንዱ ጠገራ የአንገት ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል። አንድ አንጥረኛ ሁሉንም በአንድ ላይ መዝኖ ሊገዛኝ ይፈልጋል። ልስማማን?

መልስ፦ ከዓመቱ እንጀምር። በጠገራው ላይ ምስላቸው ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ነው፤ ይሁን እንጂ በቀይ ባሕር ዙሪያና በአገራችን የነበሩ ነጋዴዎች የለመዱት መልክ ከተለወጠ አንቀበልም ይሉ ስለነበር፣ የቪየናው የገንዘብ መቅረጫ ዓመቱን ሳይነካ ሥራውን ቀጠለ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ያንኑ 1780 ቀርጸዋል። ስለዚህ የዓመታቸው አንድ መሆን ሐሰተኛ አያሰኛቸውም፤ ዕድሜያቸውንም አይነግረንም።

በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም «ብር» ስለሚባል፣ ከዚህ በኋላ «ንጹሕ ብር» ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። ጠገራው ሲሠራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1,000 እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ፣ በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር ከጠገራው ጋር እንዲወዳደር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ ተመሳሳይ፣ ንጽሕናው ደግሞ 835 ነው።

ችግሩ ያለው በሃምሳ ሳንቲሞቹ ላይ ነው። አንዱ 7.03 ግራም ስለሚመዝን አራቱ ተደምረው የአንድ ጠገራ ክብደት ይሆናሉ፤ በሚዛን ላይ ልዩነት አይታይም። ነገር ግን ሁሉም 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዘው ሲወጡ፣ ቀዳሚዎቹ 80 በመቶ፣ ኋላ የተቀረጹት 70 በመቶ ብቻ ንጹሕ ብር አላቸው። በዓይን ስለማይለዩ በ70 ማስላት ይሻላል፤ የአራቱ ድምር ያኔ 19.7 ግራም ይሆናል። ጽሑፋቸውንም ያንብቡ። የያኔው 25 ሳንቲም ከመዳብ የተሠራ ክብ ሆኖ በመጠኑ ከሃምሳው ጋር ይቀራረብ ስለነበር፣ ብር እየቀቡ በሃምሳ ሒሳብ የሚያሳልፉ ሰዎች ነበሩ፤ 25 ሳንቲም በኋላ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ እንዲሆን የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠገራዎቹን በቤትዎ ሊፈትኑ ይችላሉ። ግራምን ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አኃዝ በሚያሳይ ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ያስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉት። ቀጥሎ ጠገራውን በቀጭን ክር አስረው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥለው ይያዙት። ትክክለኛው ጠገራ 2.75 ግራም ገደማ ያስነብባል፤ በክብደት እኩል የሆነ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግን ወደ 3.15 ይጠጋል። ማግኔት ብዙ አይረዳም፤ ይህ ቅይጥም እንደ ብር በማግኔት አይሳብም። ቀለበት የተበየደበትን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም፤ ብየዳው ክብደቱንም ልኬቱንም ያዛባል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድም ዋጋው ይወድቃል።

የዕለቱን ዋጋ ለማወቅ፣ የዓለም ገበያ ንጹሕ ብርን የሚተምነው 31.1 ግራም በሚመዝነው አውንስ ስለሆነ፣ የአውንሱን ዋጋ ለ31.1 አካፍለው በ23.4 ያባዙ። ገዢው የማቅለጫውንና የትርፉን መቀነሱ አይቀርም፤ ያረጀ ጠገራም ከክብደቱ ጥቂት ሊጎድለው ይችላል።

አምስቱን ጠገራዎች በዚህ ስሌት ቢሸጡ ብዙ አይጎዱም፤ እጅግ ብዙ ስለተቀረጹ ዋጋቸው በአብዛኛው የማዕድናቸው ዋጋ ነው። ባለቀለበቱንና ሃምሳ ሳንቲሞቹን ለየብቻ ያስመዝኑ። የምኒልኩን ብር ግን ከሚዛኑ ያውጡት። ከጠገራው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ስለተቀረጸ፣ ጽሑፉና የአንበሳው ጋማ ጥርት ብለው የሚታዩ ከሆነ ሰብሳቢዎች ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ይከፍሉበታል። ጠቁሮም ከሆነ እንዳለ ይተዉት፤ በሎሚና በአመድ ፈትገው ካብለጨለጩት በኋላ የሚቀርልዎ የማዕድኑ ዋጋ ብቻ ነው።