ኤምአርአይ በሌለበት ከተማ አንጎልን ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዘንድሮ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ እመረቃለሁ። ያሳደገችኝ አያቴ ብዙ ዓመት ደም ግፊት ነበረባት፤ አሁን ስሜ እየጠፋባት ነው። አንጎልን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ግን ሐኪም አይደለሁም፣ ከተማችንም የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ የለም። ሙያዬን ልቀይር?»

እህቴ፣ አትቀይሪ።

ደም ግፊት የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ቀድሞ የሚጠቃው ነጩ ክፍል ነው፤ አንዱን የአንጎል አካባቢ ከሌላው የሚያገናኙት ክሮች የሚያልፉበት። ጉዳቱ በኤምአርአይ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ ሰውየው ስም ከመርሳቱ በፊት ሐሳቡ ይዘገያል፣ ነገር ማቀድ ያቅተዋል። ቤተሰብ ግን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አንቺ የምትገቢው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት በደም ምርመራ የሚጠቁም ምልክት እየፈለጉ ነው። በአሜሪካ ማርክቪሲአይዲ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ከመረመራቸው አንዱ ፒኤልጂኤፍ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን። መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች የነጩ ክፍል ጉዳታቸው በዝቶ፣ የማሰብ ፈተና ውጤታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለመደበኛ ሕክምና ገና አልደረሰም። ሲደርስ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ኤምአርአይ ለሌለው ከተማ ነው፤ የሚሠራውም እንዳንቺ ያለ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ለማስተርስ ክሊኒካል ኬሚስትሪን አስቢ። የመመረቂያ ጥናትሽን በደም ግፊት ክትትል ክፍል ታካሚዎች ላይ አድርጊው። ናሙና አያያዝን እንደ ተራ ሥራ አትዪው። እኔ በወጣትነቴ በተሳተፍኩበት አንድ ፕሮጀክት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሎ ለወራት የሰበሰብነው ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) ቀልጦ አደረ። ስለ ደሙ ልንናገር የነበረው ሁሉ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ያን ጊዜ የፍሪዘሩን ሙቀት ሌት ተቀን የሚከታተል ሰው ቢኖረን ስንት ነገር በዳነ!

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። ሰዓት ሥሪ፣ ኩብ ሥሪ የሚሉ የማሰብ ፈተናዎች የተማረን ሰው ታሳቢ አድርገው የተዘጋጁ ናቸው። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ሰዓት መሣል ቢያቅታቸው አንጎላቸው ተጎድቷል ማለት አይደለም። ላልተማሩ አረጋውያን የሚሆን ፈተና ካልያዝሽ፣ የደም ልኬትሽ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የምታወዳድሪው ነገር ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ከአእምሮ ሐኪም ወይም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሆነሽ ጀምሪ፤ በጎን ደግሞ ስታቲስቲክስ ተማሪ።

አያትሽን በተመለከተ፣ ለሳቸው የደም ምልክት ፍለጋ አትሂጂ። ግፊታቸውን አስለኪ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰዳቸውን ተከታተይ፣ ሐኪማቸውንም ስለ መርሳቱ ንገሪ። በ2019 የታተመው ስፕሪንት ማይንድ የተባለ የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች ከታለመላቸው ይልቅ ለመለስተኛ የማሰብ መዳከም የመጋለጥ ዕድላቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ለሳቸው የሚስማማውን ልክ ግን ሐኪማቸው ይወስን።

የጥናት ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።