ቀን ቀን ብቻ ለሚጠልቅ ሰው ባትሪ ያስፈልጋል?

ሰላም እህቴ። የዳይቪንግ ኮርስሽን ልትጨርሺ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ። «ኢላት ላይ (እስራኤል ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር) የምጠልቀው ቀን ቀን ብቻ ነው፤ የውሃ ውስጥ ባትሪ ብገዛ ገንዘብ ማባከን ይሆንብኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይሆንብሽም። ትንሽም ብትሆን አንድ ያዢ።

ቀን ላይ የባትሪ ትልቁ ጥቅም ቀለም ማሳየቱ ነው። ውሃ ከፀሐይ ብርሃን ቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው። ቀይ ባሕር የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ 10 ሜትር ግድም ስትወርጂ ቀይ የነበረው ሁሉ ቡናማ ወይም ግራጫ መስሎ ይታይሻል። ያኔ ጠጋ ብለሽ አብሪበት። ድንጋይ መስሎሽ ልታልፊው የነበረው ነገር ቦግ ብሎ ይቀላል! እኔ እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ከሩቅ ግን አይሠራም፤ የባትሪውንም ቀይ ብርሃን ውሃው መንገድ ላይ ይበላዋል።

ከዚያ ደግሞ ስንጥቁና ጉድጓዱ አለ። ኦክቶፐሱም፣ ሽሪምፑም፣ ሞሬይ ኢሉም (እባብ መሰሉ ዓሣ) ቀኑን እዚያ ተሸሽገው ይውላሉ። እጅሽን እንዳትሰጂ፤ ብርሃኑ ይበቃል። ዓይናቸው ላይ ግን አታቆዪባቸው።

አንድ ነገር አደራ። ኢላት እ.ኤ.አ. በ1994 ሆን ተብሎ የሰመጠች «ሳቲል» የምትባል የጦር ጀልባ አለች። አንድ ቀን ይወስዱሻል። ባትሪ ይዣለሁ ብለሽ ውስጧ እንዳትገቢ። ከላይሽ ጣሪያ ካለ፣ ችግር ሲመጣ ቀጥ ብለሽ መውጣት አትችዪም። በእግርሽ ክንፍ (መዋኛ ጫማ) ደለሉን ካስነሳሽው ደግሞ የትኛውም ባትሪ መውጫውን አያሳይሽም። ለዚያ ራሱን የቻለ ሥልጠና አለው። ከውጭ ሆነሽ በመስኮቷ እያበራሽ ማየት በቂ ነው፤ ደስም ይላል።

ስትገዢ ጨረሩ ጠበብ ያለውን ምረጪ፤ የተበተነ ብርሃን ቀን ላይ ፀሐይ ያሸንፈዋል። በገመድ እጅሽ ላይ ወይም በመንጠቆ ጃኬትሽ ላይ እሰሪው፤ ከተንጠለጠለ ኮራል ይሰብራል። ከመዝጋትሽ በፊት ኦሪንጉን (ውሃ እንዳይገባ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) እዪ። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ታስገባለች። ከባሕር ስትወጪ በንጹሕ ውሃ እጠቢው፤ ለረጅም ጊዜ የማትጠልቂ ከሆነም የባትሪውን ድንጋይ አውጥተሽ አስቀምጪ።

የሌሊት ዳይቭ ስትጀምሪ ሁለት ባትሪ ያስፈልግሻል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። በብርሃኑ ሰፋ አድርጎ ክብ መሥራት «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ «ድረሱልኝ» ነው። ለአሁኑ ከዳይቭ ማዕከሉ ተከራይተሽ ሞክሪው፤ ከወደድሽው ትገዢዋለሽ።