በጀቱ አልቋል፣ ውሃውስ ይወርዳል?

ጥያቄ፦ የወረዳ ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አባል ነኝ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ በጀቱ 98 በመቶ ሥራ ላይ ውሏል ብሎ ሪፖርት አቀረበልን። ቀበሌ ስንወርድ ግን በየጎጡ የቆመ የእጅ ፓምፕ አገኘን። የተሠራው ነገር መዝለቁን በምን እንለካ?

መልስ፦ 98 በመቶው የሚነግርዎ ብሩ ወጪ መደረጉን ብቻ ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ በጥድፊያ የተገዛ ዕቃም ይህንኑ አኃዝ ያሳድገዋል።

መጀመሪያ የውሃ ተቋማቱን ሙሉ ዝርዝር ይጠይቁ፤ የተበላሸውም የተተወውም ይኑርበት። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው፦ የቆመ ጉድጓድ ከዝርዝሩ ሲሰረዝ አካፋዩ ያንስና አንድም ፓምፕ ሳይጠገን መቶኛው ከፍ ይላል። ቆጠራው ደግሞ በአካባቢዎ ውሃ በሚጠፋበት ወር ይሁን። ነሐሴ ላይ የተቆጠረ ጉድጓድ ለበጋው ዋስትና አይሆንም።

«ይሠራል» የሚለውን ቃል በዓይን አይቀበሉት። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ከሆነ ውሃ እስኪያወርድ ይምቱትና 30 ደቂቃ ያሳርፉት። እንደገና ሲመቱት ውሃው ከ5 ምት በኋላ ከመጣ፣ የታችኛው ቫልቭ ወይም የቧንቧው መገጣጠሚያ ያፈስሳል። ቀጥለው 40 ሙሉ ምት መትተው በባልዲ ይለኩ። 10 ሊትር ካልሞላ ብዙውን ጊዜ ያለቀው ዩ ሲል የሚባለው የፒስተን ጎሚኒ ነው፤ በየዓመቱ መቀየር ያለበት ትንሽ ዕቃ። ለምሳሌ ከ60 ጉድጓዶች 51ዱ ውሃ ቢሰጡ 85 በመቶ ነው፤ ሁለቱንም ፈተና ያለፉት 43 ከሆኑ ግን 72 በመቶ። ሁለቱም አኃዝ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። በመካከል ያሉት 8 ፓምፖች ሳይቆሙ መዳን የሚችሉት አሁን ነው፤ የጥገና በጀት ሲከፋፈል ቅድሚያ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ይመለሱ። ግንባታው በ6300 የሒሳብ መደብ (ቋሚ ንብረትና ግንባታ) ተይዟል፤ ጥገናው ከ6200 (ዕቃና አገልግሎት) ሥር ነው። በጥገናው ውስጥ የመኪና ጥገና ተቀላቅሎ እንደሆነ ለይተው ያውጡት፤ አለበለዚያ ለፓምፕ የወጣ የሚመስለው ብር ጋራዥ የገባ ሆኖ ይገኛል። የቀረውን በዝርዝሩ ላይ ላሉት ተቋማት ሁሉ ያካፍሉና የአንድ ፓምፕ የዓመት መለዋወጫ በዘንድሮ ፕሮፎርማ ስንት እንደሆነ ያነጻጽሩ። ድርሻው ከዚያ ካነሰ፣ የሚመጣው ዓመት አዲስ ቁፋሮ ከመጽደቁ በፊት ጉድለቱ ይሞላ። እኛ በዚህ አንደራደርም፤ መጠገን ያልቻለ ወረዳ አዲስ ሲቆፍር የሚጨምረው የሚበላሽ ፓምፕ ነው።

የውሃ ኮሚቴውም ደብተር ይያዝ፦ የተበላሸበት ቀን፣ የተጠገነበት ቀን። በዓመት አንዴ የሚደረግ ጉብኝት ለሁለት ወር ቆሞ የነበረን ፓምፕ አያሳይም፤ ደብተሩ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የችግኝ ጽድቀት ሪፖርታችን ሁልጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ነው። እንመን?

መልስ፦ መቼ እንደተቆጠረ ይጠይቁ። የክረምቱ እርጥበት ሳይደርቅ፣ መስከረም ላይ ከሆነ፣ ችግኙ ገና በጋውን አላየም። ከተተከለ ዓመት ሲሞላው ይቆጠር። 5.64 ሜትር ገመድ በካስማ አስረው ቢያዞሩ 100 ካሬ ሜትር ይከብባል፤ በ2 በ2 ሜትር ከተተከለ 25 ያህል ጉድጓድ ይኖረዋል። ባዶውንም ጉድጓድ ይቁጠሩ። ክቦቹ የሚወድቁበትን ቦታ ካርታ ላይ በዕጣ ይወስኑ፤ ለመንገድ የቀረበው ብቻ ከተለካ ውሃ የጠጣውን ብቻ ለክተዋል። በሞተው ምትክ የተተከለው ለብቻው ይመዝገብ፤ ወጪውም የዚያው የመጀመሪያ ተከላ ወጪ ላይ ይደመር።